የጠፋውን አባት ማን ሰወረው?

ከሞሮኮ፣ ከአልጄሪያ ወይም ከቱኒዚያ ባሕር ተሻግሮ ባርሴሎና፣ ማርሴይ ወይም ቶሪኖ የደረሰ የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጅ አባቱን ፍለጋ እንደ መጣ በተናገረ ጊዜ፣ ሰሚው ሹምም ቢሆን ጋዜጠኛም ቢሆን፣ ወይም ስለ ስደተኛ አዝናለሁ የሚል ደግ ሰው ቢሆን፣ በልቡ አስቀድሞ የቈረጠው ፍርድ አንድ ነው፤ ይኸውም አባትየው ቤተ ሰቡን ከድቶ የኰበለለ ሰው ነው፣ ልጁም ቀጪ አጥቶ ያደገ ነው፣ ፍለጋውም ለገንዘብና ለመኖሪያ ፈቃድ የተበጀ ሰበብ ነው የሚል ነው። በ2021 ቮክስ የተባለው የስፔን የፖለቲካ ማኅበር፣ ያለ ወላጅ ለመጡ ሕፃናት የሚወጣውን ገንዘብ ከአንዲት አያት የጡረታ አበል ጋር ጎን ለጎን አድርጎ በማድሪድ የባቡር ጣቢያ ግድግዳ ላይ በለጠፈ ጊዜ ይህንኑ ፍርድ በጩኸት ተናገረ፤ ለስላሶቹ ደግሞ ያንኑ ነገር በሥነ ልቡና ቃላት ሸፍነው «የአባት ሥልጣን መጥፋት» እያሉ ይደግሙታል። በካዛብላንካና በአልጄር ቡና ቤቶችም ወሬው ከዚህ ብዙ አይርቅም። እኛም ብንሆን ከነቀፌታው ነጻ አይደለንም፤ «ሴት ያሳደገው» ማለት በአገራችን ዛሬም ድረስ ሰው የሚያጣላ ስድብ ነውና።

እኔ ይህን ፍርድ ስሕተት ብቻ ሳይሆን ግፍም ነው እላለሁ። የሰሜን አፍሪቃው ስደተኛ አባት ከልጁ ዐይን የራቀው በጠባዩ ክፋት ወይም በባህሉ ጕድለት ሳይሆን፣ በውል፣ በማኅተምና በደንብ፣ ሠራተኛ በፈለጉና ምንዛሪ በፈለጉ መንግሥታት ስምምነት ነው፤ ስለዚህም ልጁ የሚፈልገው መንግሥታት የሰወሩበትን ወላጁን ነውና፣ ፍለጋው መብት እንጂ ሰበብ ሊባል አይገባውም። (የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከሥሩ ለመመርመር የሚወድ ሰው ወደ ደቡብ ሞሮኮ፣ ወደ ሱስ ምድር በኅሊናው ይሂድ። ቀድሞ በዚያ አገር የፈረንሳይ ቅኝ አስተዳደር መኰንን የነበረ ፌሊክስ ሞራ የሚባል ሰው፣ ለሰሜን ፈረንሳይ የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኛ ለመመልመል ከመንደር ወደ መንደር ይዘዋወር ነበር። ጐልማሶቹ እስከ ወገባቸው ተራቁተው ይሰለፋሉ፤ ጥርሳቸው ይታያል፣ ጡንቻቸው ይዳሰሳል፣ ይመዘናሉ፤ ከዚያም ላለፈው አረንጓዴ፣ ለወደቀው ቀይ ማኅተም በባዶ ደረቱ ላይ ይመታበት እንደ ነበር ማዕድን ቈፋሪዎቹ ራሳቸው መስክረዋል። በዚህ ዐይነት እስከ 1970ዎቹ ማብቂያ ድረስ ወደ 78,000 የሚሆኑ ሰዎች ተመልምለው ወደ ሰሜን ፈረንሳይ ጕድጓዶች እንደ ወረዱ ይነገራል። ልብ በሉ፤ መልማዩ ጥርሱንና ጡንቻውን መርምሮ ሲያበቃ ስለ ሚስቱና ስለ ልጆቹ የጠየቀው አልነበረም፤ በእጁ ያስጨበጡት የአጭር ጊዜ ውል ለአንድ ሰው ብቻ የተጻፈ ነበርና። ሞሮኮአውያኑ ቈፋሪዎች የሌላውን ማዕድን ሠራተኛ ሁሉ መብት ያገኙት በ1980 ሥራ ከአቆሙ በኋላ ሲሆን፣ የሰሜን ፈረንሳይ የመጨረሻው የከሰል ጕድጓድ ደግሞ በ1990 ተዘጋ፤ መብቱ የመጣው ሳንባቸው በከሰል አቧራ ከተጐዳና ሥራውም ሊያልቅ ከተቃረበ በኋላ ነው።

ይህ የአንድ መልማይ ጭካኔ ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ የመንግሥታቱን ውሎች ይመልከት። ፈረንሳይ በ1963 ከሞሮኮና ከቱኒዚያ ጋር፣ ቤልጅግ በ1964 ከሞሮኮ ጋር የሠራተኛ ውል ተፈራረሙ፤ ሞሮኮም በበኩሏ ከ1968 እስከ 1972 በዘረጋችው የአምስት ዓመት ዕቅድ ውስጥ ሰው ወደ ውጭ መላክን ከሥራ አጥነት መገላገያና ከውጭ ምንዛሪ ማግኛ መንገዶች እንደ አንዱ አድርጋ አስገባችው። ላኪው ገንዘቡን፣ ተቀባዩ ጕልበቱን ፈለገ፤ በሁለቱ መካከል ለአባትነት የተተወ ስፍራ አልነበረም። የመኖሪያውም አሠራር ይህንኑ ሐሳብ በግንብ የገለጠ ነበር፤ ሶናኮትራ በተባለው ድርጅት የሠራተኛ ማደሪያ ቤቶች ውስጥ ለአንድ ሰው የተመደበው ክፍል ብዙ ጊዜ ከሰባት ሜትር ተኩል ካሬ አይበልጥም ነበር፤ አንድ አልጋ፣ አንድ ቁም ሳጥን፣ አንድ መስኮት ነበረው፤ እንግዳ ማሳደር ክልክል ነበር፤ ኀላፊዎቹም ብዙዎቹ በቅኝ ግዛት ጦር ያገለገሉ ወታደሮች ነበሩ። ነዋሪዎቹ ከ1975 ጀምሮ ለዓመታት ኪራይ አንከፍልም ብለው የታገሉት ስለ ዋጋው ብቻ ሳይሆን ስለዚህም ውርደት ነበር። እንዲህ ባለ ክፍል ውስጥ ሃያና ሠላሳ ዓመት የኖረውን ሰው «ልጆቹን ለምን አላሳደገም?» ብሎ የሚወቅስ ሰው፣ ቤቱን ማን እንደ ሠራና በምን ልክ እንደ ሠራ አስቀድሞ ይጠይቅ።

በአልጄሪያ ካቢሊያ ተወልዶ በ1998 ያረፈው አብደልማሌክ ሳያድ የተባለው ሊቅ ዕድሜውን የሰጠው ለዚህ ጥናት ነው፤ ከዕረፍቱ በኋላ በ1999 በታተመው መጽሐፉ እንዳስረዳው፣ ስደተኛው ከትውልድ መንደሩም ይታጣል፣ በሚኖርበትም አገር እንደ ሠራተኛ ክንድ እንጂ እንደ ሙሉ ሰው ስለማይቈጠር በዚያም ይታጣል። በመጀመሪያው ዘመን ግን መንደሩ ራሱ ሰው ይልክ ነበር፤ የተላከውም ለሁለትና ለሦስት ዓመት ሠርቶ፣ ዕዳውን ከፍሎ፣ ለመከር ወይም ለበዓል ይመለስና በፋንታው ወንድሙ ወይም የአጐቱ ልጅ ይሄድ ነበር። ርቆ ነበር እንጂ አልጠፋም፤ በማዕዱም ዙሪያ ስፍራው ይጠበቅለት ነበር። በኋላም ማንበብና መጻፍ ያልተማሩት ባልና ሚስት ድምፃቸውን በካሴት ቀድተው ወደ አገር በሚመለስ ሰው እጅ ይላላኩ ነበር፤ አባት ስለ ማሳው፣ ስለ በጎቹ፣ ስለ ልጆቹ ትምህርት በዚያ ክር ላይ ያዝዛል፣ ይገሥጻል፣ ይመርቃል፤ እናትም ልጆቿን ሰብስባ ታሰማለች። ልጁን በካሴት የገሠጸ አባት ከዳተኛ አይባልም።

ታዲያ ይህ መመላለስ ለምን ተቋረጠ? እዚህ ላይ ነው የተለመደው ፍርድ ፈጽሞ የሚሳሳተው። በሐምሌ ወር 1974 ፈረንሳይ የውጭ ሠራተኛ መቀበልን አቆመች፤ በ1986 ከመግሪብ፣ ማለት ከሞሮኮ፣ ከአልጄሪያና ከቱኒዚያ፣ ለሚመጡ ሁሉ ቪዛ ግዴታ ሆነ፤ ጣሊያን በ1990፣ ስፔንም በ1991 ያንኑ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ በአልሜሪያ የላስቲክ ቤቶች ውስጥ ቲማቲም የሚለቅመው ወይም በሎምባርዲያ ጡብ የሚያቀብለው ወረቀት የሌለው ሰው ሁለት ነገር ብቻ ቀረለት፤ አገሩን ቢያይ ተመልሶ መግባት የለም፣ ቢቀር ደግሞ ልጁን ማየት የለም። በሩ የተዘጋው አዲስ መጪውን ለማገድ ነው ተባለ፤ ነገር ግን ከውጭ ያሉትን ልጆች እንዳገደ ሁሉ ከውስጥ ያሉትንም አባቶች ዘግቶ አስቀራቸው። በሮቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ፣ ቀድሞ በመርከብ ትኬት ይታለፍ የነበረውን በሞሮኮና በስፔን መካከል ያለውን ጠባብ የባሕር መተላለፊያ በጨለማ በጀልባ መሻገር ተጀመረ፤ ኅዳር 1 ቀን 1988 በስፔን ታሪፋ ዳርቻ የመጀመሪያው ሬሳ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ሬሳውን የሚቈጥር እንጂ የሚደነግጥ እየጠፋ ሄደ።

ተቃዋሚዬ በዚህ ስፍራ የሚያነሣውን መልስ ዐውቀዋለሁ፤ ፈረንሳይ በ1976 ቤተ ሰብ እንዲሰበሰብ በደንብ ፈቅዳ የለምን? ይላል። እውነት ነው፤ ፈቅዳለች። ነገር ግን ደንቡ በቂ ቤትና የተረጋገጠ ገቢ ያለው ብቻ ሚስቱንና ልጆቹን ያምጣ የሚል ሲሆን፣ ያንኑ ሰው ቤተ ሰብ በማይገባበት የሠራተኛ ማደሪያ ያስቀመጠችው ራሷ ፈረንሳይ ነበረች። ፈቃዱም ሁለት ዓመት ሳይሞላው በ1977 መንግሥት የሚመጡት ሚስቶችና ልጆች ሥራ እንዳይሠሩ በአዲስ ደንብ ሊያግዳቸው ሞከረ፤ በታኅሣሥ 1978 የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት፣ የውጭ አገር ሰውም እንደ ማንኛውም ሰው ከቤተ ሰቡ ጋር የመኖር መብት አለው ብሎ ይህን ደንብ ባይሽረው ኖሮ በሩ ያኔውኑ ይዘጋ ነበር። ይህ የፍርድ ቤቱ ቃል ከማንኛውም የሥነ ልቡና ሐተታ ይልቅ ስለ አባትነት የተናገረ ይመስለኛል፤ የሚያሳዝነው ከዚያ ወዲህ ብዙ ሕግ መስፈርቱን በማጥበብ ያንን ቃል ሲያቀጥነው መኖሩ ነው።

ደግሞም በእውነት የከዱ አባቶች አልነበሩም አልልም። ሌላ ሚስት ያገቡ፣ ስማቸውን የለወጡ፣ የልጃቸውን ደብዳቤ ሳይከፍቱ የጣሉ ነበሩ፤ ይህን መካድ በእናቶቹ እንባ ላይ መሣለቅ ይሆናል። ነገር ግን የአንዱ ክዳት የሺሁ ስም የሚሆንበት ሕግ ከየት መጣ? ከዳተኛ ያልጠፋበት የአውሮጳ አገር የለም፤ ይሁን እንጂ እዚያ የከዳ አባት በግሉ ይከሰሳል፣ ቀለብ እንዲሰጥ ይፈረድበታል፤ የመግሪቡ አባት ሲከዳ ግን ባህሉ ይከሰሳል፣ ሃይማኖቱ ይከሰሳል፣ በመጨረሻም ልጁ ይከሰሳል። በዚህ ረገድ የትውልድ አገሮቹም ከደሙ ንጹሕ አይደሉም፤ በ2004 ተሻሻለ የተባለው የሞሮኮ የቤተ ሰብ ሕግ ከጋብቻ ውጭ የተወለደን ልጅ በአባቱ ላይ አንዳች የልጅነት መብት እንዳይኖረው አድርጎ አስቀርቶታል። በ2007 የወጣው የፈረንሳይ ሕግ ደግሞ ወደ ወላጆቹ የሚሄድ ልጅ ዝምድናውን በዲኤንኤ ምርመራ ሊያረጋግጥ ይችላል ሲል፣ ከእናቱ ጋር ያለውን ብቻ እንጂ ከአባቱ ጋር ያለውን አልጨመረም፤ ሕጉ በኋላ ሥራ ላይ ሳይውል ቢቀርም፣ አሳቡ ግን ተጽፎ አለ። አንዱ ሕግ ከወዲያ፣ ሌላው ከወዲህ አባቱን ከመዝገብ ያወጡበትን ልጅ «አባት የለሽ» ብሎ መስደብ እንዴት ያለ ፍርድ ነው?

አሁን ወደ ልጁ ወደ ራሱ እንመለስ፤ ከጕዳዩ ሁሉ ልብ የሚሰብረው ይህ ነውና። ፈረንሳይ የደረሰው ልጅ የመንግሥት ጥበቃ ለማግኘት ሁለት ነገር ማስረዳት አለበት፤ ዕድሜው ከ18 በታች መሆኑንና በዚያ አገር የሚጠብቀው ወላጅ የሌለው ብቸኛ መሆኑን። ዕድሜው ካጠራጠረ ፍርድ ቤት የእጁን አንጓ አጥንት በራጅ እንዲያስነሣ ሊያዝዝ ይችላል፤ የአጥንቱ ሥዕል የሚመዘንበትም መጽሐፍ በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ከአንድ ከተማ ነጭ ልጆች ራጅ የተሰበሰበ ነው። የብቸኝነቱ ጥያቄ ግን ከአጥንቱም የከፋ ነው። ጠያቂው «እዚህ አገር ዘመድ አለህ ወይ?» ባለው ጊዜ ልጁ «አባቴ አለ፤ እርሱን ፍለጋ ነው የመጣሁ» ብሎ እውነቱን ቢናገር፣ ብቸኛ አይደለህም ተብሎ ከመጠለያው ሊመለስ ይችላል፤ አባቱ ያለበትን ግን የሚፈልግለት የለም። ይህን ቀድመውት የመጡት ልጆች ይነግሩታል። ስለዚህ ልጁ አባቱን መካድ ይማራል፤ ሞቷል ይላል፣ አላውቀውም ይላል። እንዲህ አባቱን በአንደበቱ እንዲክድ ካስገደዱት በኋላ የጕዳዩን ወረቀት አንሥተው «አባት የሌለው» ብለው ይጽፉበታል፤ ይኸው ወረቀት ደግሞ ነገ በጋዜጣ ላይ የአባቶች ክዳት ማስረጃ ሆኖ ይወጣል።

የአውሮጳ ኅብረት ሕግ ለዚህ መፍትሔ አለው የሚሉ አሉ። በእርግጥ የ2013ቱ የደብሊን ደንብ፣ ያለ ወላጅ የመጣ ሕፃን አባቱ ወይም እናቱ በሕጋዊ መንገድ ወደሚኖሩበት አባል አገር እንዲሄድና ጕዳዩ በዚያ እንዲታይ ያዝዝ ነበር። ነገር ግን ይህ ለጥገኝነት ጠያቂ ብቻ ነበር፤ ከመግሪብ የሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ ጥገኝነት አይጠይቁም፣ ቢጠይቁም የሚሰጣቸው ጥቂት ነው። ወረቀት የሌለው አባትም በዚህ ደንብ ፊት እንዳልተወለደ ሰው ነበር። በግንቦት 2021 በሁለት ቀን ውስጥ 8,000 ያህል ሰው በዋናና በእግር በሰሜን አፍሪቃ ወዳለችው የስፔን ከተማ ወደ ሴውታ በገባ ጊዜ፣ ከእነዚህ ውስጥ 1,500 ያህሉ ሕፃናት እንደ ነበሩ የስፔን ባለ ሥልጣኖች ገመቱ፤ ስንቶቹ በዋናው ምድር አባት ወይም ወንድም እንዳላቸው መጠየቅ ግን የማንም ሥራ አልነበረም።

እኛ ኢትዮጵያውያን ስለዚህ ነገር የተለየ ማስተዋል ሊኖረን ይገባ ነበር፤ ክብረ ነገሥት የሚተርከው የመንግሥታችን መነሻ ታሪክ አባቱን ሳያይ አድጎ፣ እናቱን «አባቴ ማን ነው?» ብሎ ጠይቆ፣ ቀለበት ይዞ ወደ ሰሜን የተጓዘ የ22 ዓመት ወጣት ታሪክ ነውና። ንግሥት ማክዳ ያሳደገችውን ቀዳማዊ ምኒልክን «ሴት ያሳደገው» ያለው የለም። የንጉሥ ልጅ ሲሆን ታሪክ የምንለውን፣ የማዕድን ቈፋሪ ልጅ ሲሆን ወንጀል ብለን ልንጠራው አይገባንም።

ፍለጋው ከንቱ ነው፣ ሰውየው ሞቶ ይሆናል ለሚሉትም መልስ አለ። ከ2014 ወዲህ ብቻ በሜዲትራኒያን ባሕር ሞተው ወይም ጠፍተው የተመዘገቡት ሰዎች ከ25,000 በላይ ናቸው፤ ብዙዎቹም ስም የላቸውም። በቱኒዚያ ዛርዚስ አልጄሪያዊው ሠዓሊ ረሺድ ቆራይሺ ባሠራው የመቃብር ስፍራ ድንጋዮቹ ላይ የሚነበበው የሟቹ ስም ሳይሆን ሬሳው የተገኘበት ቀንና የልብሱ ምልክት ነው። ስም የሚመልሰው ብዙ ጊዜ የዘመድ ደም ነው፤ በሚላኖ ዩኒቨርሲቲ ክርስቲና ካታኔዎ የሚመሩት የምርመራ ክፍል፣ 368 ሰዎች የሞቱበትንና ከእነዚህም አብዛኞቹ ኤርትራውያን የነበሩበትን የጥቅምት 3 ቀን 2013ቱን የላምፔዱዛ መርከብ አደጋ ሬሳዎች ለመለየት የደከመው ከእናት፣ ከወንድምና ከልጅ የተገኘውን ምልክት ከሬሳው ጋር በማመሳከር ነው። አባቱን የሚፈልግ ልጅ ስለዚህ አባቱን በሕይወት ባያገኘውም እንኳ ስም የሌለውን መቃብር ባለ ስም ያደርገዋል፤ እናቱንም ባል አለኝ ወይስ መበለት ነኝ ከሚል ጭንቅ ያወጣታል።

ብዙዎቹ አባቶች ግን አልሞቱም። በፈረንሳይ «ሺባኒ» የሚባሉት ሽማግሎች ዛሬም በእነዚያው ማደሪያ ቤቶች አሉ፤ ዝቅተኛው የእርጅና ድጐማ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ በፈረንሳይ ለሚያሳልፍ ብቻ የሚከፈል ስለ ሆነ፣ ወደ ልጅ ልጆቻቸው ሄደው ቢቈዩ ድጐማቸው ይቋረጥባቸዋል። ከእነዚህ ሽማግሎች መካከል በፈረንሳይ የባቡር ድርጅት ውስጥ ከፈረንሳውያኑ ባነሰ መብት ሲሠሩ የኖሩ 848 ሞሮኮአውያን ተከራክረው በጥር 2018 በፓሪስ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሲያሸንፉ፣ በአባቶች ላይ የተፈጸመው አድልዎ ወሬ ሳይሆን በፍርድ የታወቀ እውነት ሆነ። እነዚህ ሰዎች ጠፉ የሚባሉት ለልጆቻቸው ነው እንጂ ለመዝገብ ቤቱ አይደለም። ጡረታ ከፋዩ መሥሪያ ቤት ቁጥራቸውን ያውቃል፤ ወደ አገሩ ለተመለሰውም በየዓመቱ በሕይወት መኖርህን አስመስክረህ ላክ እያለ ይጽፋል። ገንዘብ ለመቈጠብ ሰውየው አለ ወይስ ሞተ የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ ይጠየቃል፤ ልጁ ሲጠይቅ ግን የግል ምስጢር ነው ተብሎ ይዘጋበታል።

የግል ምስጢር መከበር እንዳለበት እኔም አምናለሁ፤ መገኘት የማይፈልግ ሰው በግድ አይገለጥ። ነገር ግን ለዚህ ጥንቱን የተፈተነ ሥርዓት ነበረ። በፈረንሳይ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን ጀምሮ፣ ዘመዱ የጠፋበት ሰው ለአስተዳደሩ ሲያመለክት፣ ፖሊስ ሰውየውን ፈልጎ ያገኝና «ዘመድህ ይፈልግሃል፤ አድራሻህን እንስጥ?» ብሎ ይጠይቀው ነበር፤ እሺ ካለ አድራሻው ይሰጣል፣ እምቢ ካለ በሕይወት መኖሩ ብቻ ይነገራል። ቀይ መስቀል የተለያዩ ቤተ ሰቦችን የሚያገናኘው ዛሬም በዚሁ አኳኋን የተፈላጊውን ፈቃድ እየጠየቀ ነው። ይህን የመንግሥት ሥርዓት ፈረንሳይ በ2013 ዘመኑ ያለፈበት ነው፣ ሰው በኢንተርኔት ይፈላለጋል ብላ አስቀረችው። በ1970 ማኅተም ደረቱ ላይ ተመትቶበት የወረደውን፣ ፊደል ያልቈጠረውን ሽማግሌ በኢንተርኔት ፈልገህ አግኘው ማለት ለልጁ አትፈልገው ማለት ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ምጽዋት አይደለም። በሩን የዘጉት መንግሥታት የማዕድን ድርጅቶቹን፣ የማደሪያ ቤቶቹንና የጡረታ መሥሪያ ቤቶቹን መዛግብት ልጁ በሚያመለክትበት ጊዜ ይመርምሩ፤ ደብዳቤውን ለአባቱ ያድርሱለት፤ «አባቴ እዚህ አለ» ብሎ እውነት የተናገረው ልጅ ስለ እውነቱ ከመጠለያ አይባረር፤ በ2013 የተሻረውም የፍለጋ ሥርዓት ለመግሪብ ልጆችም ለሌሎችም ሳይውል ሳያድር ይመለስ።